ወለል በሳንቲም ሲመታ

ቤት ሊሸጥ ነው ተብዬ ስጠራ ሜትር ከማውጣቴ በፊት ከኪሴ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣለሁ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ ተንበርክኬ፣ ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ አንኳኳለሁ። በደንብ የተያዘ ሴራሚክ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ከሥሩ የለቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ ያስተጋባል። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ አምስተኛው ባዶ ድምፅ ላይ ሲደረስ ሳቁ ይቆማል።

ጉርድ ሾላና ዙሪያው ወለል ሳነጥፍ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሲሚንቶ በጋሪ ያስገባሁባቸው ግቢዎች ዛሬ ፎቅ በቅሎባቸዋል። ስለዚህ ከሳንቲሙ ቀጥሎ “ገዢው ማን ይሆናል?” ብዬ እጠይቃለሁ። ዋናውን መንገድ የተጠጋ፣ ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቪላ ከሆነ የሚመጣው ሰው ካርታው ላይ ያለውን ካሬ እንጂ ቤቱን አያይም፤ አፍርሶ ሊሠራ ነው። ለእሱ ፖርሰሊን ማንጠፍ ለፍርስራሽ መኪና ማንጠፍ ነው። “እዚህ ቤት ላይ አንድ ብር አያውጡ” ብዬ ሥራ ያጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ባለቤቴ በዚህ ጸባይህ አንድ ቀን እንራባለን ትላለች። ገባ ያሉት ቤቶችና አፓርታማዎች ግን የሚገዙት ሊኖሩባቸው ነው፤ እዚያ ወለሉ ይናገራል።

የሚናገረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ አፈሩ ነው። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ገርጂና ሰሚት ሲኬድ ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። አፈሩ ተጠርጎ ሳይወጣ፣ በቂ ገረጋንቲ ተሞልቶ ሳይጠቀጠቅ ድንጋይ ተደርድሮ ቤቶን የፈሰሰበት ቤት ወለሉ በየዓመቱ ይተነፍሳል። ላዩ ላይ ያነጠፉት ነገር ምንም ያህል ውድ ይሁን አብሮ ይተነፍሳል፤ መተንፈሻ ካጣ ይፈነዳል።

ይህን የተማርኩት በሰው ቤት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ ሲል ጠራኝ። ሊሾው ከበሩ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቆ ነበር። “ሸፍንልኝ” አለኝ፤ ሸፈንኩለት። ባለ 60 በ60 ነጭ ፖርሰሊን፣ እርስ በርሱ ግጥም አድርጌ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ጠቅጥቄ። ያኔ መጋጠሚያው ባልታየ ቁጥር ሙያ ይመስለኝ ነበር። ቤቱ ግንቦት ላይ ተሸጠ። መስከረም ላይ ገዢው ደወለ። ስልኬን ያገኘው ትርፍ ሴራሚክ ካስቀመጥኩለት ካርቶን ላይ ነው፤ “ቢጎድል ደውሉ” ብዬ ጽፌበት ነበር። ሄጄ ሳይ ከሳሎኑ መሀል ስድስት ሴራሚክ ተገፋፍተው እንደ ድንኳን ቆመዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተሸሸገ ጉድለት ያስጠይቀዋል፤ ሻጩ ግን አገር ለቆ ሄዷል። ያለሁት እኔ ነኝ። የእጄን ዋጋ ሳልቀበል አንስቼ እንደገና ሠራሁት፤ ስንጥቁን ከፍቼ ሞላሁ፣ በየሴራሚኩ መሀል ሦስት ሚሊ ሜትር ተውኩ፣ ግድግዳው ሥር ጣት የሚያህል ክፍተት ትቼ ዞኮሎ አለበስኩት። ሰውየው ሻይ እንኳን አላፈላልኝም። ትክክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ “ሸፍንልኝ” የምትለው ቃል ጆሮዬን ታሳክከኛለች። ለሽያጭ የሚደረግ እድሳት ሁሉ እሷ ትገኝበታለች። ደላላው ገዢ ሲገባ እንዲያብረቀርቅለት ይፈልጋል፤ ውጭ ያሉ ልጆች በስልክ ፎቶ ይልካሉ፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ሰፊ፣ ሁሉም መስታወት የመሰለ። ወጪውም ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ ለሚገባ ሴራሚክ ጠዋት የተነገረኝን ዋጋ ከሰዓት ላላገኘው እችላለሁ።

ባለፈው በጋ የሠራሁት ቤት እንዲሁ ጀመረ። በደርግ ጊዜ በማኅበር ከተሠሩት አንዱ ነው፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ ብቻቸውን ይኖሩበታል። ሳሎኑ ፓርኬ ነው፤ በዓመታት ቀይ ሰም ጠቁሮ የቆዳ ጫማ መስሏል። ልጆቻቸው “ሴራሚክ ይልበስ” ብለዋል። ሳንቲሜን አወጣሁ። ጥቂት ቦታ እንጂ አልለቀቀም።

“እትዬ፣ ይሄ ከሥሩ ደህና ነው፤ ባይሸፈን” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እኔማ መቼ ይሸፈን አልኩ።”

ሰም የጠጣ ፓርኬ ላይ ቀጥታ ማሽን ማሳረፍ ብርጭቆ ወረቀት መጨረስ ነው፤ ሰሙ ይቀልጥና ወረቀቱን ይደፍነዋል። ሁለት ቀን ሙሉ በነጭ ጋዝና በጨርቅ አለሰለስነው፣ በጠፍጣፋ ብረት ፋቅነው። ከዚያ ማሽኑ ገባ፤ መጀመሪያ በ36 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ60፣ መጨረሻ በ100። ማሽኑ ሳይነሳ አንድ ቦታ ከቆመ ጎድጓዳ ይተዋል፤ ጎድጓዳው ቫርኒሽ ተቀብቶ የመስኮት ብርሃን እስኪያርፍበት ድረስ አይታይም። ረዳቴን ስልክ ቢጠራ እንዳያነሳ የምከለክለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ብናኝ አልጥልም። ከሰም የጠራውን በላስቲክ አስቀምጬ በኮላ አቡክቼ ክፍተቱን እሞላበታለሁ፤ ከሱቅ የሚገዛ ስቱኮ የዚያን እንጨት መልክ አያመጣም። ሦስተኛው ዙር ላይ የማር መልክ ያለው ቀረሮ ብቅ አለ። እትዬ በር ላይ ቆመው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው አዩትና ወደ ጓዳ ተመለሱ።

አንድ ቦታ ግን እንቢ አለ። መስኮቱ ሥር የቡና ቦታቸው ነበር። ከከሰል ምድጃ የፈነጠረ ፍም አራት ጣውላ ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ አድርጎ ገብቷል፤ ማሽን ቢጫነው ወለሉን ያጎደጉደዋል እንጂ አይለቅም። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ከውስጡ፣ ዓይን ከማያርፍበት፣ አራት ደህና ጣውላ ነቀልኩና መስኮቱ ሥር ተከልኳቸው። የተቃጠሉት ቁምሳጥኑ ውስጥ ገቡ። ሦስት እጅ ቫርኒሽ፣ በየመሀሉ አንድ ሌሊት።

እንዲህ ያለ ሥራ ስጨርስ የአፍሪካ አዳራሽ ትዝ ይለኛል። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 የተመረቀው አዳራሽ ታድሶ በ2017 ሲከፈት የድሮ መልኩ እንዲመለስ ነው የተደከመው። እኔ ቪላ ውስጥ ፓርኬ እፍቃለሁ፤ ማወዳደሬ ድፍረት ይሆናል። ግን ያኔ የተሠራን ነገር ሳይነቅሉ ማዳን እኛ ሰፈር እንደ ድህነት ስለሚታይ ነው ማንሳቴ።

ማድቤቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ባዶ ሴራሚክ አገኘሁ። ቀለሙ ከገበያ ጠፍቷል፤ ምናለሽ ተራ ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁ። ሌላ ቀለም ሰክቼ ከማዥጎርጎር እንደቆሙ ተውኳቸውና ለእትዬ አሳየኋቸው። ቁምሳጥኑ ውስጥ የገቡትንም አሳየኋቸው።

ገዢው በመጣ ቀን የቀረችኝን ሒሳብ ልቀበል እዚያው ነበርኩ። አርባ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው። ሳሎኑን አይቶ አልፎ ማድቤት ገባ፤ ቁጢጥ አለ፤ ከኪሱ ሳንቲም አወጣ። ደላላው ላብ አጠመቀው። ሰውየው ሁለት ጊዜ እንዳንኳኳ እትዬ ከኋላው ቆመው፦

“አይልፉ ልጄ፤ ባዶዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በሩ ሥር፣ አንዱ ምድጃው ሥር። ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለውንም ላሳይዎት” አሉት።