ዘቢብ፣ ወይራና ውስኪ

ካዛንቺስ ውስጥ ውስኪ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ሊታይ እንጂ ሊቀመስ አይደለም። “አንድ ጠርሙስ አውርድልን!” ይባላል፤ ካርቶኑም አብሮ ይወርዳል፤ ወዳጆችም ጠላቶችም እስኪያዩት ድረስ አይነሳም። ከዚያ በረዶው ይከተላል፣ ኮካው ይከተላል። ይሄ ሁሉ ከተጨመረበት በኋላ የ12 ዓመት ይሁን የ12 ቀን ማን ይለየዋል?

እናላችሁ፣ ሰሞኑን እዚያው ካዛንቺስ፣ አንድ ወዳጄ ቤት፣ በሼሪ በርሜል 12 ዓመት የቆየ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ያለ በረዶ ቀመስን። (“በረዶ የለም እንዴ?” ያለ አልጠፋም።) ቀለሙ ወፈር ብሎ የተቀዳ ሻይ ነው። አፍንጫዬን ሳስጠጋ መጀመሪያ የመጣልኝ ዘቢብ፤ ያው እናቶቻችን ከጧፍና ከዕጣን ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱት ዘቢብ። ቀጥሎ ቅርንፉድና የብርቱካን ልጣጭ። ሲውጡት ያሞቃል እንጂ አይፋጅም። ብቻ ጣፋጩ ለእኔ በዝቷል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ “ገብሱ የት ገባ?” ማለቴ አልቀረም።

ሲንግል ሞልት የሚባለው ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የወጣ ነው። አብዛኛው ሁለት ጊዜ ይወጣል። እኛስ “ዳግም” የምንለው ሁለት ጊዜ የወጣውን አረቄ አይደል? እስከዚህ ድረስ ስኮቱና የአርሲ ነገሌዋ አረቄ አውጪ ጎረቤታሞች ናቸው። የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። በስኮትላንድ ሕግ፣ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል ያልተኛ ውስኪ አይባልም። በየዓመቱ ከመቶው 2 ያህሉ እየተነነ ይጠፋል፤ “የመላእክት ድርሻ” ይሉታል። ዘቢቡ የመጣው ደግሞ ከበርሜሉ ነው። ድሮ ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን በበርሜል ወደ እንግሊዝ ይጫን ስለነበር ባዶው ለውስኪ ይተርፍ ነበር። ወይኑ በጠርሙስ መላክ ሲጀምር ግን በርሜሉን ለውስኪው ሲባል ብቻ ሼሪ ሞልተው ማክረም ተለመደ።

ይሄ እኛን ምኑ ይገርመናል? ጋኗን በወይራ ሳታጥን ጠላ የምትጠምቅ ባለሙያ አለች? ዕቃው መጠጡን እንደሚሠራው ከማንም አልተማርነውም። የሌለን ዓመቱ ነው። ካቲካላው ዛሬ ወጥቶ ነገ ይሸጣል። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት የሚጠብቃት ሴት እንዴት ብላ 12 ዓመት ታስቀምጠው? የትስ ታስቀምጠው? በርሜል እኮ የማይነቃነቅ ጣራ ይፈልጋል።

ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ድርጅት ነው፤ “ካዜ ኢንቺስ”፣ የኢንቺስ ቤቶች። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ ከነባሮቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ በመለኪያ የሚቀዳባቸው አረቄ ቤቶችም አብረው ሄዱ። ስለ ሰፈሩ መጠጥ ሲወራ ግን የሚነሳው ጠርሙስ የሚወርድበት ቤት ብቻ ነው። ዳግም አረቄ የድሃ ስካር ተብሎ ታልፏል እንጂ “እስቲ የማን ይሻላል?” ብሎ አምድ የጻፈለት አላየሁም። ከየትኛዋ ሴት እንደሚገዛ ግን ጠጪው ሁሉ ያውቅ ነበር።

እኔና ወዳጄ ውስኪውን ከአንድ ጥሩ ዳግም ጋር ጎን ለጎን ልንቀምሰው አስበን ነበር። እሱ ለዓመታት ይገዛበት ወደነበረው ደጃፍ ወርዶ ነበር፤ ቦታው ላይ አሁን የእግረኛ መንገድና አዲስ የተተከለ አበባ አለ። ሴትየዋ ወዴት አቅጣጫ እንደሄዱ የሚነግረው እስካሁን አላገኘም።