የማያፈስ ቴነር

የመጀመሪያዬን አሮጌ ቴነር ሳክስፎን የገዛሁት በዓይኔ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በሠርግና በምግብ ቤት መድረኮች መጫወት ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ በሚያበድር አንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ኮን 10ኤም ቆሞ አየሁ። ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት ከተማ የተሠራ ነው፤ በሰፊው አፉ ላይ የሴት ምስል ተቀርጾበታል። የጃዝ ቴነር ነፊው ዴክስተር ጎርደን በወጣትነቱ የነፋው ዓይነት መሆኑን አውቅ ነበርና ልቤ እዚያው ቀረ። ትዝታ ሞከርኩበት። መሐል ያሉት ድምፆች እንደ ማር ወረዱልኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከታችኞቹ ድምፆች ጋር ስታገል ኖርኩ። ከሁሉም ታች ያለው ቢ ፍላት በለሆሳስ አልወጣ አለኝ። ካልጮኹበት አይናገርም፤ ሲናገርም ይንተባተባል። መንጋጋዬን አጠበቅሁ፣ ወፍራም ሪድ (የሸምበቆ ምላስ) ገዛሁ፣ ማታ ማታ የታች ከንፈሬ በጥርሴ ቆስሎ ያድር ጀመር። ጥፋቱ የትንፋሼ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው መብራቱን አጠፋና በገመድ የታሰረ ቀጭን አምፖል በሳክስፎኑ ሆድ ውስጥ አወረደ። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳበሳቸው፤ ዳበሳቸው እንጂ አልተጫናቸውም፤ በኃይል የተጫኑት ክዳን ቀዳዳውን ደብቆ ያሳልፋልና። ጂ ሻርፕ ላይ ሲደርስ በፓዱ (ከክዳኑ ሥር ባለው ልባስ) ጠርዝ የክር ያህል የቀጠነ ብርሃን ወጣ። የሁለት ዓመት መከራዬ ያቺ ክር ነበረች። ሕመሙ የሚሰማው ታች፣ ቢ ፍላት ላይ ነው፤ ቁስሉ ግን ላይ ነው። ታችኛውን ድምፅ ለመንፋት ከላይ ያሉት ክዳኖች ሁሉ መዘጋት አለባቸው፤ ከእነሱ አንዷ ካፈሰሰች ነፋሱ ታች ሳይደርስ ይበተናል።

ስለዚህ ዛሬ ሰው አሮጌ ቴነር ልግዛ ብሎ ሲያማክረኝ ስለ ስሙ ከመጠየቄ በፊት ስለ መፍሰሱ እጠይቃለሁ። ወደ ሱቁ ትንሽ መብራት ይዛችሁ ሂዱ። አንገቱን ነቅላችሁ አንዱን ጫፍ በመዳፋችሁ፣ የኦክታቩን ቀዳዳ በጣታችሁ ድፈኑ፤ በሌላው ጫፍ አየሩን ምጠጡት። ምላሳችሁን ይዞ ካልቆየ አንገቱ ያፈስሳል። አንገቱ ወደ ታች ጎብጦ እንደሆነም ከጎኑ አስተውሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እሱ ነው። ከዚያ ቢ ፍላትን በሹክሹክታ ንፉት። ጮክ ብሎ መንፋትማ ማንም ይነፋል።

ላከሩ (የናሱ ቅብ) እያብለጨለጨ ቅርጹ ግን ደብዝዞ ካያችሁ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ሞርዶ፣ ወልውሎ እንደገና ቀብቶታል ማለት ነው። ውልወላው ከናሱ ላይ ትንሽ ቀርፏል፤ በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይም ጉዳት አድርሶ ሊሆን ይችላል። ላከሩ ግማሽ በግማሽ ተገሽልጦ ቅርጹ የጠራው ሳክስፎን ለእኔ የተሻለ ዕቃ ነው። የእኔ ኮን እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተሠሩት ስለነበረ የድምፅ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ወደ ውጭ የተጠቀለለ ነው። ይህ ለፓዱ ይመቻል፤ ጠርዙ ከተጣመመ ግን እንደ ሌላው በሞረድ ማስተካከል አይቻልም፤ ጥቅልሉን ይቆርጠዋል። በእርጋታ ከውስጥ ማንሳት የሚችል እጅ ያስፈልጋል። ለጥገናው የከፈልኩት ለመግዣው ካወጣሁት ከግማሽ በላይ ሆነ። ያንን ገንዘብ ከመጀመሪያው ከዋጋው ጋር ደምሬ ማሰብ ነበረብኝ።

ስለ ስም ከተነሣ፣ ሁሉም የሚመኘው የፈረንሳዩን ሴልመር ማርክ 6 ነው። በ1954 ወጣ፣ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ተሠራ፤ ዋጋው ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ነው። ቁልፎቹ ለጣት መመቸታቸው እውነት ነው፤ ከኮን ወደ እሱ የተሻገረ ግራ እጁ ሲያርፍ ይሰማዋል። ለዚህ ምቾት መክፈል ተገቢ ነው። በስሙ ብቻ ድምፅ እገዛለሁ ማለት ግን ስሕተት ነው።

ያስጠገንኩት ኮን ሌላ ነገር አስተማረኝ። ከባንዱ ኪቦርድና ከበሮ በላይ ልሰማ ብዬ ጠባብ ሆድ ያለው የብረት ማውዝፒስ (የአፍ መንፊያ) ገጥሜ ነበር። ድምፁ ተሳለ፤ ነገር ግን ከላይ ያሉት ኖታዎች ወደ ሰማይ ወጡ፣ ከዘፋኙ ጋር መስማማት አቃተኝ። ምክንያቱ በሳክስፎኑ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። አዶልፍ ሳክስ በ1846 ፓሪስ ላይ የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ ሾጣጣ ቱቦ ነው፤ ጫፉ የተቆረጠ ቀንድ በሉት። የተቆረጠውን ጫፍ የሚተካው የማውዝፒሱ ሆድ ነው፤ ስለዚህ ስፋቱ ከጎደለው ጫፍ ጋር ካልተመጣጠነ ኦክታቮቹ ይራራቃሉ ወይም ይጠባሉ። የድሮዎቹ የአሜሪካ ሳክስፎኖች ሰፊ ሆድ ታስቦላቸው የተሠሩ ናቸው። ወደ ቀድሞው ጥቁር የጎማ ማውዝፒሴ፣ ወደ ኦቶ ሊንክ ተመለስኩ። ቁጥሩ 7 ነው፤ በሪዱና በጫፉ መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሪዴንም ውፍረት ቀነስኩ። በአንድ ምሽት ቴነሩ ከራሱ ጋር ታረቀ።

ሆኖም ዕቃ ቢስተካከልም የሚያፈስስ ሌላ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ እኔ ዘንድ። ከከንፈሬ ጥግ ነፋስ ይሾልካል። ጉሮሮዬ ይጠብባል። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ምንም ዜማ ሳልጫወት ቢ ፍላትን ብቻ ይዤ መቆየት ሆነ፤ ከለሆሳስ ተነሥቶ፣ ሞልቶ፣ ተመልሶ እስኪጠፋ። ቀጥሎ ጣቶቼን ከዚያው ሳላነሣ፣ በጉሮሮዬና በምላሴ አቀማመጥ ብቻ ኦክታቩን፣ ከዚያ ኤፍን፣ ከዚያ ሁለተኛውን ኦክታቭ ማውጣት። በመንጋጋ ጉልበት አይወጣም። የጉሮሮ ቅርጽ ሲቀየር እንደ በር ይከፈታል። ወራት ይፈጃል፤ አሰልቺም ነው። የቴነር ድምፅ የሚሠራው ግን እዚያ ነው፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ጌታቸው መኩሪያን እንደገና የሰማሁት በዚያ ወቅት ነው። ሽለላና ፉከራን ከጉሮሮ ወደ ቴነር ያሻገረ ሰው ነው፤ በ1935 ተወልዶ በ2016 ያረፈው ይህ ሰው ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም በ2006 ሲያወጣ ሰባ ዓመት ተሻግሮ ነበር። በልጅነቴ ይገርመኝ የነበረው መንቀጥቀጡና መጮኹ ነው። አሁን የሚገርመኝ ከጩኸቱ ሥር ያለው ሙላት ነው። ሸላይ ሲሸልል አንገቱን አያንቅም፤ ከሆዱ ያወጣል፣ ደረቱን ይከፍታል። ጌታቸውም እንዲሁ ነው የሚነፋው፤ ከትንፋሹ አንድ ጠብታ ወደ ውጭ አይባክንም። የአገሬ ልጆች ቴነር ሲጀምሩ የአሜሪካዊውን የጃዝ ሳክስፎን ነፊ የኮልትሬንን ሪድ ቁጥር ከመጠየቅ በፊት ቆመው አንድ ጊዜ ቢሸልሉ፣ የሚፈልጉት ጉሮሮ ምን እንደሚመስል ያገኙታል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ለሚያነብ አንድ ልመና አለኝ። አባቶቻችን በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊት፣ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ሳክስፎን ነፍተዋል። በቤታችሁ፣ በአልጋ ሥር ወይም በቁም ሣጥን ላይ፣ የአባት ወይም የአጎት ሳክስፎን ካለ ለእንግዳ ይመር ብላችሁ አታስወልውሉት፤ ላከሩንም አታስቀቡት። እንዳለ፣ ከነአቧራው፣ መብራት አውርዶ ወደሚያይ ጠጋኝ ውሰዱት።