ጉበትን በቀመር መመዘን፦ «አፕሪ» እና የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን

ዐይን ቢጫ ሲሆን ሕዝቡ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል፤ ቢጫነት ካልታየ ግን ጉበቱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ሥር የሰደደው የሄፓታይተስ ቢ ሕመም አስቸጋሪነት የሚጀምረው ከዚህ ነው። በልደታ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሆዱ ውኃ ቋጥሮ የሚላክ ሕመምተኛ፣ ቫይረሱን ለብዙ ዓመታት ያለ አንዳች ስሜት ተሸክሞ የኖረ ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው ግን አስቀድሞ ተመርምሮ «ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግህም» የተባለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ፣ ባዮፕሲ ለማይገኝበት አገር «አፕሪ» የተባለውን ቀመር መረጠ። የኤ.ኤስ.ቲ. ውጤት ለላቦራቶሪው የላይኛው ወሰን ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል፣ በሺህ በተቆጠረው ፕላትሌት ይካፈላል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ሁለት ተራ ምርመራዎች ይበቁታልና። ጉድለቱ ለሲሮሲስ በተሰጠው ወሰን ላይ ነበር፦ ከ2 በላይ። ኤ.ኤስ.ቲ. 60፣ ወሰኑ 40፣ ፕላትሌት 150,000 ቢሆን ውጤቱ 1 ነው። ይህ ሰው የሲሮሲስ ምልክት ካላሳየ በቀመሩ በኩል ወደ ሕክምና አይገባም። የቀረው መንገድ በዋናነት ከ30 ዓመት በላይ የሆነውን፣ ኤ.ኤል.ቲ. በተደጋጋሚ ከፍ ያለበትንና የቫይረሱ መጠን ከ20,000 በላይ የሆነበትን ሰው የሚመለከት ነበር። የቫይረሱን መጠን መለካት ደግሞ ለብዙው ታካሚ ከኪስ በላይ ነው።

ወሰኑ የተሳሳተ መሆኑን ያሳየው የአገር ውስጥ ሥራ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሙከራ ሕክምና 1,303 ታካሚዎችን መዝግቦ በፋይብሮስካን ጭምር መረመረ። ሞቱ የበዛው ሲሮሲሳቸው ከፍቶ በመጡት ላይ ነበር። ከዚሁ ሥራ የወጣው የ2019 ጥናት፣ መመሪያው በኢትዮጵያ ሕክምና ከሚያሻቸው ግማሽ ያህሉን እንደሚያመልጠው በርዕሱ ሳይቀር ተናገረ።

የ2024ቱ መመሪያ የሕክምና መጀመሪያውን ወደ 0.5 ዝቅ አድርጎታል። የኤ.ኤል.ቲ. ወሰንም ለወንድ 30፣ ለሴት 19 ሆኗል፤ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የታተመውን 40 ብቻ አይቶ «ደኅና ነው» የሚል ሐኪም ይህን ማሰብ ይገባዋል። አዲሱ ወሰን ግን የራሱ ዋጋ አለው። አልኮል ኤ.ኤስ.ቲ.ን ከፍ ያደርጋል፤ የጉበት ቢልሃርዝያና ካላዛር ጣፊያን አሳብጠው ፕላትሌትን ይቀንሳሉ። በእነዚህ ምክንያቶች ቁጥሩ ያለ ሄፓታይተስ ጥፋት 0.5ን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጣፊያን በእጅ ሳይዳስሱ፣ የመጡበትን ቆላም ሳይጠይቁ ቀመሩን ማንበብ አይገባም። ቢሆንም መድኃኒቱን ያለ በቂ ምክንያት የወሰደ ሰው ጉዳቱ በአብዛኛው ቀላል ነው፤ የተከለከለው ግን ሲሮሲስ ወይም የጉበት ካንሰር ይጠብቀዋል።

ቴኖፎቪር ከመታዘዙ በፊት ክሬአቲኒን መለካት አለበት። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም እንዲሁ፤ ቫይረሱ ሳይታወቅ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን ብቻውን ከወሰደ ኤች.አይ.ቪ.ው መድኃኒቱን ይለምዳል።