ቆሞ የማይሮጥን ልብ መፈተን

መራመድ የሚችል ሰው ትሬድሚል ላይ ይውጣ እላለሁ። ስንት ደቂቃ እንደቻለ፣ ትንፋሹ የት ላይ እንዳጠረው፣ የደም ግፊቱ አብሮ እንዴት እንደወጣ የትኛውም መርፌ አይነግረኝም። ጉልበታቸው እምቢ ላላቸውና ስትሮክ አንድ ጎናቸውን ለያዘባቸው ግን የእንቅስቃሴውን ቦታ የሚተካ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ዶቡታሚን ልብን በእርግጥ ያሠራዋል። ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ከ5 ማይክሮግራም ጀምረን በየ3 ደቂቃው ወደ 10፣ 20፣ 30 እና 40 እናሳድጋለን። ምቱ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ ካልደረሰ አትሮፒን እንጨምራለን። እኔ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) የግራውን ልብ ግድግዳ እከታተላለሁ፤ ጤነኛው እየወፈረ ይጨመቃል፣ ደም ያጠረው ይለግማል። በዝቅተኛው መጠን ላይ መቸኮል አልወድም። አልነቃነቅ ያለ ግድግዳ በ5 ወይም በ10 ላይ መሥራት ጀምሮ ከፍ ሲል መልሶ ከደከመ፣ ጡንቻው በሕይወት አለ፤ ያጣው ደም ነው። ለዚያ ሰው የተዘጋውን የደም ሥር መክፈት ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

አዴኖሲንና ሬጋዴኖሰን ሥራቸው ሌላ ነው። የልብን ደም ሥሮች ያሰፋሉ፤ የጠበበው እንደ ጤነኛው መስፋት ስለማይችል የደም ፍሰቱ ልዩነት በኑክሌር ምስል ላይ ይወጣል። አስም ለበረታበት ሰው አልመርጣቸውም። ሌላው ጠላታቸው ቡና ነው። ካፌይን መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ደም ሥሩ በቅጡ አይሰፋም፣ የታመመውም ልብ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

በምሠራበት በዋሽንግተን አካባቢ ከሚመጡልኝ መካከል የእኛ እናቶች አሉ። «እማማ፣ ቡና ጠጥተዋል?» ስል፣ «ኧረ ልጄ፣ ዛሬ አልቀመስኩም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። «ትናንት ማታስ?» ስል ግን ጎረቤት ጠርታቸው እስከ በረካ ቆይተዋል። 12 ሰዓት ካልሞላው ቀጠሮው ይዛወራል። ልጃቸው ከሥራ ቀርቶ ያመጣቸውን እናት መመለስ ያሳዝነኛል፤ የማይታመን ውጤት ይዘው ከሚሄዱ ግን ይሻላል።

ወደ ዶቡታሚን እንዳልዞር፣ ለቡናው ግድ ባይሰጠውም ጠዋት የልብ ምት የሚቀንሰውን ሜቶፕሮሎል ከዋጡ ምታቸው እንደልብ አይወጣም። ስለዚህ ከቀጠሮው ቀደም ብዬ ደውዬ ስለ ቡናውም ስለ ክኒኑም እጠይቃለሁ። ቡናውን እንዲተዉ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ክኒኑን ግን ያዘዘላቸው ሐኪም ሳይስማማ አላስቆምም።