ጭቃ የማያውቀው ካብ

በደቡብ ጎንደር እርሻ መሐል ከሩቅ የጠቆረ ጫካ ካያችሁ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ዝግባው የተረፈው በአጸዱ ነው። ከሜዳው ፀሐይ ወደዚያ ሲገቡ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ የረገፈው ቅጠል ኮቴን ይውጣል፤ የወፉ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት እንዲህ በደን ውስጥ እያሸተቱና እያዳመጡ ዘና ማለትን «ሺንሪን ዮኩ» ብሎ ለሕዝቡ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። እኛ ጋ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ጠበል ጠዲቅ ከመቅመስ ጋር የሚመጣ ነገር ነው።

ዛፉን ሁሉም ያደንቃል። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ዙሪያውን በከበበው ካብ ላይ ነው።

የካብ ሙያ የሚታየው ጎንበስ ብለው ሲመለከቱት ነው። ከሥር ትልልቆቹ ድንጋዮች መሬት ይዘዋል። በእነሱ ላይ ሁለት ፊት ይነሣል፤ አንዱ ወደ ማሳው፣ ሌላው ወደ ጫካው። መሐሉን ደቃቁ ይሞላዋል። ሙያ ያለው ሰው ድንጋዩን በርዝመቱ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ለማሳመር ብሎ ሰፊውን ገጽ ወደ ውጭ የሚለጥፍ ሰው ሥራው ብዙ ክረምት አይሻገርም። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ያሉትን የሁለቱን መጋጠሚያ ይረግጣል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከዋለማ ካቡ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ ማለት ነው። ወደ ላይ ጠበብ እያለ የሚሄደው ሁለቱ ፊቶች እንዲደጋገፉ ነው። ጭቃም ሲሚንቶም ስለሌለው ጎርፉ ከኋላው ተጠራቅሞ አይገፋውም፤ በመሐሉ ሾልኮ ይሄዳል።

ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው። ካቡ በረዘመ ቁጥር ማረሻ የሚያዶለዱመው ድንጋይ ይቀንሳል።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ባልደረባቸው ማርጋሬት ላውማን፣ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው ለእነዚህ ካቦች የደከሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ከብት በሚገባበት ጫካ ችግኙ ይበላል፣ ይረገጣል፤ ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ይቀራል። እሱም ሲወድቅ ተተኪ የለውም። ሽቦ ማጠር ይፈጥን ይሆናል፤ ግን ይዝጋል፣ ሲበጠስም ገንዘብ ይጠይቃል። ካብ ቢፈርስ ድንጋዩ እዚያው ወድቆ ይጠብቃል።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ በበሩ ግቡ፤ ካቡ ላይ አትንጠላጠሉ። የወደቀ ድንጋይ ብታገኙም እንደ ነገሩ አናቱ ላይ አትወርውሩት፤ ካብ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።