በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ነባሪ ፕሮፋይል ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ አቃቂ ቃሊቲ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ፋብሪካው፣ መጋዘኑና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር መሥመር ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን በእነዚሁ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለውን አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት አስቀድሞ ተሞልቶ የሚያገኘው የኢሜይል ፕሮፋይል ነው። ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ የሰውን ስም፣ የሥራውን ሰዓትና ኀላፊነቱን የሚነካ ስለ ሆነ ልንመረምረው ይገባል ብለን እናምናለን።

በተለመደው የአውትሉክ ዓይነት ፕሮፋይል ማለት የሠራተኛው የኢሜይል አድራሻ፣ መልእክቱ የሚቀመጥበት ፋይልና ልዩ ልዩ ምርጫዎቹ በአንድነት የተያዙበት ማኅደር ነው። ይህን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በእጅ መሙላት ጊዜ ስለሚፈጅ፣ የአይቲ ክፍሉ አንድ አርአያ አዘጋጅቶ ለሁሉ ያድላል። «አውትሉክ 2007» ከተባለው ጀምሮም ፕሮግራሙ ከአድራሻውና ከፓስወርዱ ተነሥቶ ሰርቨሩን ራሱ ፈልጎ ለማግኘት ይችላል። የዚህን ጥቅም አንክድም። መቶ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ሥራ ሊጀምር የሚችለው በዚህ ዘዴ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው አርአያው ለምን ተዘጋጀ ብለን ሳይሆን፣ ሲዘጋጅ የታሰበው ሠራተኛ ማን ነበር ብለን ነው።

በመጀመሪያ ያየነውን እንናገር። ስሙን በማንጠቅሰው በዚሁ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን ሁለት የንብረት ጸሐፊዎች በአንድ ኮምፒዩተር በፈረቃ ይሠራሉ። ሁለቱም የሚገቡበት ፓስወርድ አንድ ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የትኛው ፕሮፋይል እንደሚፈለግ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል፤ ወይም ሁልጊዜ በአንዱ ብቻ እንዲከፈት ማዘዝ ይቻላል። የተመረጠው ሁለተኛው ነበር። በዚህም ምክንያት የከሰዓት በኋላው ጸሐፊ የጻፈው የዕቃ ማውጫ መልእክት በጧቷ ጸሐፊ ስም ወጣ። ኋላ የዕቃው ቁጥር አልገጥም ባለ ጊዜ ቃሏን እንድትሰጥ የተጠራችው እርስዋ ናት፤ በዚያ ሰዓት ግን ቤትዋ ነበረች። ያዳናት ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ፈረቃ ሲለዋወጡ ሁለቱ የሚፈርሙበት አሮጌው የርክክብ ደብተር ነው።

ከዚህ የምንገነዘበው ነገር አለ። በእኛ አገር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚታመነው ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ንብረትም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በርክክብ ነው። ይህ ሥርዐት በመጋዘኑ የቀረው ማንም እንዲቀር ወስኖ ሳይሆን፣ አንድ ምልክት ከአንድ ቦታ ይልቅ በሌላው ላይ ስለ ተደረገ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በፕሮፋይሉ ላይ ግን ስምን የሚያወጣው ሣጥኑ ነው። ቅጹ ሁለት ሣጥኖች አሉት፦ አንዱ ለግል ስም፣ ሁለተኛው ለቤተሰብ ስም። የእኛ ሰው ግን የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱና የአያቱ ስም የሚከተለው እርሱን ከሌላው ለመለየት ነው። ስለዚህ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ሣጥን ይገባል። የቤተሰብ ስም እንዲቀድም በተደረገበት መሥሪያ ቤት ወይዘሮ አልማዝ ከበደ «ከበደ፣ አልማዝ» ትሆናለች፤ የውጭ አገር ዕቃ አቅራቢውም «አቶ ከበደ» ብሎ ይጽፍላታል። በአድራሻ ዝርዝሩም ላይ አባታቸው ተስፋዬ የተባሉ ሰዎች ሁሉ ዝምድና ሳይኖራቸው እንደ አንድ ቤተሰብ ተሰልፈው ይታያሉ።

ይህ ሣጥን ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ጽሑፎችም የቤተሰብ ስሙ እንዲቀድም ያዝዛል። ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ሕዝቡ የሚጠራራው በቀድሞው ልማድ ነው። ሕጉ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ስለ ወጣ አንብቦ መከራከር ይቻል ነበር። ነባሪው ፕሮፋይል ግን አይታወጅም። ሕግ ያልለወጠውን ልማድ ማንም ሳያስተውለው በየቀኑ ይለውጣል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የአውትሉክ የቀን መቁጠሪያ ሳይነካ ሲተው የሥራን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት አድርጎ ይወስዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ማሠራትን ስለሚፈቅድ፣ ቅዳሜ የሚሠራበት ፋብሪካ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለው ቦታ ቅዳሜ የገባው ሠራተኛ በፕሮግራሙ ዘንድ ዕረፍት ላይ ነው። የሰዓት አቆጣጠሩም ሌላ ችግር ያመጣል፤ በፕሮግራሙ 9 ሰዓት ተብሎ የተጻፈውን የጧት ስብሰባ፣ በአገሩ ሰዓት የሚያስብ ሰው ከቀትር በኋላ ነው ብሎ ሊቀርበት ይችላል።

ፕሮግራሙ የውጭ አገር ሥራ ስለ ሆነ ምን ይደረጋል የሚሉ አሉ። ይህ መልስ አያጠግብም። ለሌላው ሰው የሚታየው ስም ከሁለቱ ሣጥኖች የተለየ የራሱ ቦታ ስላለው፣ አስተዳዳሪው የራስን ስም አስቀድሞ እስከ አያት ሊጽፍበት ይችላል። ፊደላችንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ በራሳችን ፊደል መጻፍም ይቻላል። የሥራው ቀንና ሰዓት ይለወጣል። ፕሮፋይሉን የሚያስጠይቀውም አንድ ምልክት ብቻ ነው። እንግዲህ ጉድለቱ ከመሣሪያው ይልቅ ካለመጠየቃችን የመጣ ነው። የአይቲ ባለሙያውንም ብቻውን ልንወቅሰው አይገባም፤ ሥራው በፈረቃ እንደሚሠራ የነገረው ሰው ካልነበረ ከየት ያውቀዋል?

ስለዚህ አርአያው ከመታደሉ በፊት ባለሙያው ከሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ከፈረቃ ኀላፊውና ከንብረት ጸሐፊው ጋራ ተቀምጦ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን፦ በዚህ ወንበር ስንት ሰው ይቀመጣል? እያንዳንዱስ በምን ስም ይጠራል? ሥራው የሚጀመረውና የሚያበቃው መቼ ነው? ይህ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። እስከዚያው ድረስ ግን የርክክቡን ደብተር ማንም እንዳይጥለው እንመክራለን።