የማን ልጅ ናት?

እራቱ ሳይነሳ አምሽቷል። ምግቡ በየሳህኑ ላይ ቀዝቅዟል፤ ወለሉ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ አለ። የባባክ አንቫሪ «ሃሎ ሮድ» (እ.ኤ.አ. 2025) በዚህ ቤት ይጀምራል። ማንም ሳይነግረን በዚያ ማዕድ ላይ ጠብ እንደነበረ እንረዳለን። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ስልክ ይጮኻል። ተቆጥታ የአባቷን መኪና አስነስታ የወጣችው አሊስ፣ ጫካ በሚያቋርጥ ጭር ያለ የገጠር መንገድ ላይ ሰው ገጭታለች። የተገጨችውም እንደ እሷው ወጣት ናት። እናትና አባት ተጣድፈው ሌላው መኪና ውስጥ ይገባሉ፤ ካሜራውም አብሯቸው ይገባና በሩ ይዘጋል። 80 ደቂቃ ገደማ ከሚፈጀው ፊልም የቀረው ከሞላ ጎደል ሁለት ፊትና አንድ የስልክ ድምፅ ነው።

የታሪኩን ሰዓት ከተመልካቹ ሰዓት ጋር እኩል ማስኬድ አዲስ ስልት አይደለም። አኜስ ቫርዳ እ.ኤ.አ. በ1962 የሐኪም ውጤት የምትጠብቅን ዘፋኝ በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ እንዲሁ ተከትላታለች። ለ«ሃሎ ሮድ» ይበልጥ የሚቀርበው የስቲቨን ናይት «ሎክ» (2013) ነው። እዚያ ቶም ሃርዲ ብቻውን መሪ ጨብጦ ከበርሚንግሃም ወደ ለንደን ሲነዳ፣ ትዳሩና ሥራው በስልክ ሲፈርሱ እንሰማለን። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የ«ሎክ» ሰውዬ ስልኩን ቢዘጋው የሚሞት የለም። እዚህ በመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ አስፋልት ላይ የተዘረጋ ገላ አለ፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ከዚያ ገላ ላይ ትቀነሳለች።

እናትየዋ ማዲ (ሮዛመንድ ፓይክ) በአምቡላንስ የምትሠራ የጤና ባለሙያ ናት። ስለዚህ የተገጨችውን ልጅ ለማዳን የሚደረገው ሙከራ በስልክ ይመራል፤ እናት ትናገራለች፣ ልጅ ትፈጽማለች። በፊልሙ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ክፍል ነው። የልብ ምት የቆመበትን ሰው ደረት መጫን የራሱ ፍጥነት አለው፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በትክክል ሲጫኑት የአዋቂ ደረት ከ5 ሴንቲሜትር ያላነሰ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ክንድ ያዝላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። የፊልሙ እውነተኛ ሰዓት እንግዲህ ይህ ነው እላለሁ። አንቫሪ ወደ አደጋው ቦታ ቆርጦ ቢወስደን ኖሮ ደም እናይና አንገታችንን እናዞር ነበር። እሱ ግን የፓይክ ፊት ላይ ይቆያል። ሥራውን የሚያውቁት እጆች መኪና ውስጥ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ ሥራው ላይ ያሉት እጆች ደግሞ የሚያደርጉትን አያውቁም። የሜገን ማክዶኔል ድምፅ፣ የአሊስ ማለት ነው፣ እያለከለከ ይቆራረጣል፤ ምን ያህሉ ድካም፣ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደሆነ እናትየዋም እኛም በጆሮ ብቻ መገመት አለብን።

አባትየው ፍራንክ (ማቲው ሪስ) የሚያስበው ሌላ ነው። ልጁ እስር ቤት እንዳትገባ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊወስድ፣ መኪናውን ሲነዳ የነበረው እሱ እንደሆነ ሊናገር ይፈልጋል። ሪስ ይህንን የሚናገረው በክፉ ሰው አንደበት አይደለም፤ ልጁን በሚወድ፣ እንባው በተናነቀው አባት አንደበት ነው። ፊልሙ በቀጥታ ሰዓት መነገሩ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ፍቅር ወደ መሸፋፈን ሲሻገር የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደተሻገረ እናያለን፤ ደግሞም አብረን እንሻገራለን፤ ምክንያቱም ከመኪናው መውረድ አንችልም።

ይህን ጉዳይ ሲኒማ ቀድሞም ነክቶታል። በስፔኑ ሁዋን አንቶኒዮ ባርዴም የ1955 ፊልም «የብስክሌተኛው ሞት» ላይ፣ በድብቅ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ምስጢራቸው እንዳይወጣ ሲሉ የገጩትን ብስክሌተኛ በሕይወት እያለ ጥለውት ይሄዳሉ። የአርጀንቲናዋ ሉክሬሲያ ማርቴል ደግሞ በ2008 «ጭንቅላት የሌላት ሴት» ውስጥ፣ በአቧራማ መንገድ ላይ ስልኳን ልታነሳ ስትል አንድ ነገር የገጨችን ባለጸጋ ሴት ታሳየናለች። በመኪናዋ መስኮት ላይ የትናንሽ እጆች አሻራ ይታያል፤ ያ አሻራ ፊልሙ ካለቀም በኋላ ከዓይን አይጠፋም። በኋላ ዘመዶቿ የሆስፒታሉንም የሆቴሉንም ማስረጃ ዝም ብለው ያጠፉላታል። በማርቴል ፊልም ለዚህ ቀናት ያስፈልጋሉ። አንቫሪ ያንኑ መሸፋፈን ወደ አንድ የመኪና ጉዞ አጥብቦታል፤ መድረሻቸው ሳይደርሱ ውሸቱ ተሰርቶ ያልቃል።

በእኛ አገር መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ሲገኝ ከከበቡት መካከል አንዱ ሳይውል ሳያድር የሚጠይቀው አለ፤ «የማን ልጅ ናት?» ይላል። ጥያቄው ስም ለማወቅ ብቻ አይደለም። ለማን ይነገር፣ ማን ይምጣ፣ ማን ያልቅስ ማለት ነው፤ ነገ ሽማግሌ የሚላከውስ ወደየትኛው ደጅ ነው ማለትም ነው። በ«ሃሎ ሮድ» መኪና ውስጥ ይህ ጥያቄ ቦታ አላገኘም። ወላጆቹ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ልጅ ነው፤ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ማርገዟ፣ ማታ ስለተባባሉት ክፉ ቃል። ከተገጨችው ልጅ ጀርባም እንቅልፍ አጥተው የሚጠብቁ ወላጆች ሊኖሩ እንደሚችሉ ትዝ የሚላቸው አይመስሉም። የዊልያም ጊሊስ ድርሰት ይህንን መዘንጋት አውቆ የተከለው ይመስለኛል፤ መጨረሻው ላይ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ወላጆቹ ፊት ያቆመዋልና። እንዴት እንደሚያቆመው ላላየው አንባቢ አልነግርም።

ጥርጣሬዬ ያለው ጫካው ላይ ነው። አንቫሪ ቴህራን የተወለደ፣ በብሪታንያ የሚሠራ ዳይሬክተር ነው። በ2016 የሠራው «አንደር ዘ ሻዶው» በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ወቅት ሚሳይል በሚወርድባት ቴህራን ውስጥ አንዲትን እናትና ልጅ ጅን ሲፈታተናቸው ያሳያል። እዚያ ጅኑና ጦርነቱ አንድ አካል ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው ነጥለህ አትፈራም። በአዲሱ ፊልም ግን የጫካው ተረት ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም የሰዎቹን ጥፋት በከፊል የሚያቃልልላቸው ይመስላል። የሰው ሥራ ነው ወይስ የሌላ? የሚለው አሻሚነት ለአስፈሪ ፊልም ይመቻል። ለሞተችው ልጅ ግን አይመችም፤ ሰው መሆኗን ራሱን ጥያቄ ውስጥ ይከታል።

ከሁሉም የከነከነኝ አንድ ድምፅ ነው። አሊስ ዘንድ በዚያ ሌሊት መኪና የሚያቆሙ ባልና ሚስት አሉ፤ ሴትዮዋን የምናውቃት በስልኩ በኩል በሚሰማው ድምጿ ብቻ ነው። ቀስ ብላ፣ በትሕትና ትናገራለች፤ ትሕትናዋ ውስጥ ግን ወቀሳ አለ፣ ወቀሳዋም እየከረረ ይሄዳል። በዚህ ፊልም ውስጥ ስለተገጨችው ልጅ ተቆጥቶ የሚናገር ሌላ ሰው አልሰማሁም። አንቫሪም እንድንፈራ ያደረገን እሷን ነው።